ከቋራ እስከ መቅደላ፤ የዓፄ ቴዎድሮስ መንገድ

በአገራችን ታሪክ አምባ የሚባለው ነገር ብዙ ሥራ ሠርቷል። ዙሪያው ገደል፥ ራሱ ሜዳ የሆነ፥ በአንድ ወይም በሁለት በር ብቻ የሚወጣበት ተራራ ለንጉሥ ግምጃ ቤት፥ ለባላጋራ ወኅኒ ቤት፥ ለመነኩሴ ገዳም፥ ጦር ለሸሸ ሰው መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። የግሸን አምባ የነገሥታት ልጆች ተጠብቀው የኖሩበት ነው፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመንም ይኸው ሥራ ወደ ወኅኒ አምባ ተዛውሯል። ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣበት ገዳም ነው። ከአምባዎቻችን ሁሉ ግን ስሙ ከአገር ውጭ ሳይቀር የተሰማው በወሎ የሚገኘው የመቅደላ አምባ ነው።

ይሁን እንጂ የመቅደላን ስም የሚያውቅ ሁሉ የመቅደላን ነገር አያውቅም። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ያጠናነው የዓፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት ስላለው ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከቋራ ቆላ ብቻውን የተነሣ፥ ጎንደርን፥ ጎጃምን፥ ትግሬን፥ ወሎንና ሸዋን በአንድ እጅ ያደረገ ሰው፥ በመጨረሻ ከግዛቱ ሁሉ አንድ አምባ ብቻ እንዴት ቀረለት? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ወደ አምባው የሚወስደው መንገድ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን አንባቢዎቻችንን ይዘን ወደ መቅደላ እየወጣን የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት እንተርካለን።

መቅደላን በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚፈልግ መንገደኛ መነሻው ደሴ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። የወሎ ደጋ በጧት ብርዱ ይጠነክራልና ጋቢ ወይም ካፖርት ያስፈልጋል። መኪናው ዳገቱን ሲጨርስ አገሩ ሜዳ ይመስላል፤ ጥቂት እንደ ሄደ ግን ሜዳው በድንገት ይቋረጥና ከፊት ጥልቅ ሸለቆ ይታያል። የሰሜን ወሎንና የደቡብ ወሎን መልክዓ ምድር የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ ማዶ ያለው መንደር ለዓይን ቅርብ ነው፥ ለእግር ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በዚህ አገር ላይ ጦር መምራት፥ ይልቁንም መድፍ ማስጐተት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት መጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ አንድ ጊዜ ሸለቆውን ማየት ይበቃል።

ከተንታ ወዲያ ያለውን መንገድ እግረኛና በቅሎ ሲመላለስበት ኖሯል። ስንቅ፥ በኮዳ ውኃ፥ ዱላና አገሩን የሚያውቅ መሪ ከተገኘ ጎበዝ ተራማጅ ይዘልቀዋል። ጧት በብርድ የተነሣ መንገደኛ ቀትር ሲሆን በቁልቁለቱ ላይ ላቡን ይጠርጋል። መንገዱ ለጨዋታ የሚመች ስለ ሆነ የሰውየውን ታሪክ ከመጀመሪያው እናንሣ።

ካሣ ኃይሉ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ግድም በቋራ ነው። ቋራ በምዕራብ ከሱዳን፥ በደቡብም ዛሬ የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከተባለው አገር የሚዋሰን ቆላ ነው። በዚያ ዘመን የጎንደር መኳንንት እንደ ዳር አገር ይመለከቱት ነበር። ከወሰኑ ማዶም ሱዳንን የያዘው የግብፅ ጦር ይመላለስ ነበር። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ከአገሩ ባላባቶች ወገን ሲሆን ልጁ ሳያድግ ሞተ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ላይ ወድቃ ኮሶ እየሸጠች እንዳሳደገችው ሲነገር ኖሯል። ነገሩ እውነት ቢሆንም ባይሆንም ጠላቶቹ ለስድብ አድርገውት ነበር፤ እሱም ስድቡን ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም።

ካሣ ፊደልና ዳዊት የተማረው በገዳም ነው። ያም ገዳም በመሳፍንት ጠብ ምክንያት ተወርሮ ብዙ ሕፃናት ሲጠፉ እሱ አምልጦ ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ገባ። ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. የግብፅን ጦር በወሰን ላይ ድል ያደረጉ ጀግና ነበሩ። ወጣቱ የጦርን ሥራ የተማረው፥ ከውጭ የሚመጣውንም ጠላት መመልከት የጀመረው በእሳቸው ቤት ነው። ደጃዝማቹ በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ ግን አገሩ ለሌላ ተሰጠና ካሣ ባዶ እጁን ቀረ። በዚያ ዘመን ባዶ እጁን የቀረ የባላባት ልጅ የሚያደርገውን አደረገ፤ ጫካ ገባ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ በጎንደር ዙፋን ላይ የሚቀመጡት ነገሥታት ስም እንጂ ሥልጣን አልነበራቸውም። የሚሾመውና የሚሽረው እንደራሴው ራስ ነው። በካሣ ወጣትነት ይህን ሥልጣን የያዙት በደብረ ታቦር የተቀመጡት የየጁው ራስ ዐሊ ነበሩ፤ እናታቸው እቴጌ መነን ደግሞ ደምቢያን ይገዙ ነበር። ትግሬና ስሜን በደጃዝማች ውቤ፥ ጎጃም በደጃዝማች ጎሹ፥ ሸዋም በራሱ ነገሥታት እጅ ነበሩ። ሁሉም እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የሚራበው ገበሬው ነው፤ ምክንያቱም ወታደር ደመወዝ ስለሌለው ባለፈበት አገር ሁሉ የገበሬውን እህል እየበላና ከብቱን እያረደ ይኖር ነበር። ካሣ በሽፍትነቱ ዘመን ከዘረፈው ገንዘብ ከፍሎ ለገበሬዎች የእርሻ መሣሪያ መግዣ ይሰጥ እንደ ነበረ ይተረካል።

ተከታዩ እየበዛ ሲሄድ እቴጌ መነን በጋብቻ ሊያስሩት አሰቡና የራስ ዐሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ለፖለቲካ ተብሎ ቢደረግም ሁለቱ ከልብ ተዋደዱ፤ ተዋበች ባሏን ከአባቷ ወገን አብልጣ ያዘች። ካሣ ግን ለአማቱ ቤት ታዛዥ ሆኖ አልቀረም።

በ1840 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ወሰን ዘምቶ በደባርቂ ላይ ከግብፅ ወታደሮች ጋር ተዋጋ። ፈረሰኞቹ በምሽግ ውስጥ በተቀመጠ፥ መድፍ በያዘ፥ በሥርዓት በተሠለፈ ጦር ላይ ወደቁና ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር በልቡ ተተከለ። አንደኛው በሥርዓት የሠለጠነ ጦር ነው፤ ሁለተኛው መድፍ ነው። በሕይወቱ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ሲፈልግ እናየዋለን።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን በአይሻል ላይ የራስ ዐሊ ጦር ተሰበረና የየጁዎች ሥልጣን አከተመ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጁት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፥ የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ካሣን ቀብተው አነገሡት። ስሙንም ቴዎድሮስ አለ። በዚህ ስም የሚጠራ ንጉሥ መጥቶ አገሪቱን ከመከራ ያወጣታል የሚል የቆየ ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ ነበረና የስሙ ምርጫ ትርጉም ነበረው።

እንግዲህ በመንገዳችን ላይ አምባው ከሩቅ የሚታይበት ስፍራ ደርሰናል። መቅደላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። አጠገቡ ሰላሴና ፋላ የሚባሉ ሌሎች አምባዎች አሉ፤ ከመቅደላ በታችም እስላምጌ የሚባል ሜዳ አለ። በስተ ሰሜን የበሽሎ ወንዝ በጥልቅ ገደል ውስጥ ያልፋል። ዓፄ ቴዎድሮስ ይህን አምባ የያዙት ገና በነገሡ በጥቂት ወራት፥ በመስከረም 1848 ዓ.ም. ወሎን ሲወጉ ነው። ያን ጊዜ የድል አድራጊ ንጉሥ ግምጃ ቤትና ወኅኒ እንዲሆን እንጂ መጠጊያ እንዲሆን ያሰቡት አይመስለንም። ወዲያው ወደ ሸዋ አለፉ። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞተው ልጃቸው ምኒልክ በሕፃንነቱ ተማረከና ወደ መቅደላ መጣ።

የዓፄ ቴዎድሮስ አሳብ ትልቅ ነበር። ወታደሩ በደመወዝ እንዲተዳደርና ገበሬውን እንዳይዘርፍ አዘዙ። የባሪያ ንግድ እንዲቀር ሞከሩ። የየአገሩን ባላባት እየሻሩ በራሳቸው ሹም ሊተኩ ተነሡ። ደብዳቤዎቻቸውንም፥ ዜና መዋዕላቸውንም በአማርኛ አስጻፉ፤ ከዚያ በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው አማርኛ ከዚያ ዘመን ብዙ ውለታ አለበት።

ይሁን እንጂ አንዱ አሳብ ሌላውን ይጠይቃል። ወታደር በደመወዝ ከተዳደረ ደመወዙ ከየት ይመጣል? ንጉሠ ነገሥቱ ዓይናቸውን በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ጣሉ። ለአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፥ ለእነሱ ከሚያስፈልገው በላይ ያለው መሬት ለገባር ይሰጥና ግብሩ ለመንግሥት ይግባ አሉ። ካህናቱ ተቆጡ፤ ካህናቱ ሲቆጡ ሕዝቡ ንጉሡን መጠርጠር ጀመረ። ከካህናቱ ጋር ያለው ጠብ እየከረረ ሄዶ ያነገሡዋቸው አቡነ ሰላማ ሳይቀሩ በመቅደላ ታሰሩና በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በዚያው ሞቱ።

የቤተ ክርስቲያኑ ጕዳይ ሳይሳካ ሲቀር ለደመወዝ የሚሆን ገንዘብ አልተገኘም። ገንዘብ ሲጠፋ ወታደሩ ወደ ጥንቱ ልማድ ተመለሰና ገበሬውን መዝረፍ ጀመረ። ገበሬው ሲዘረፍ ለሸፈተው ባላባት ስንቅና መጠለያ ሰጠ። ንጉሡ ሽፍታውን ለመቅጣት ሲዘምቱ ገበሬውንም አብረው ቀጡ፤ በተቀጣው አገር ግብር የሚሰጥ ሰው አልቀረም። እንግዲህ ይህ ክብ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጀመረ እየጠበበ ይሄዳል። በጎጃም፥ በላስታ፥ በትግሬ፥ በወሎ፥ በሸዋ ሽፍታ ተነሣ። በብዙ አሥር ሺህ ይቈጠር የነበረው ሠራዊት እየከዳ ጥቂት ሺህ ቀረ። በ1859 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ከተማን ራሷን አስዘረፉ፥ አስቃጠሉም፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ መቅደላ ተወሰዱ።

በዚህ መካከል የቅርብ ሰዎቻቸው አንድ በአንድ ጠፉባቸው። እቴጌ ተዋበች በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ሞቱ። ወዳጃቸው የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውዴን በ1852 ዓ.ም. በሽፍቶች እጅ ሞተ፤ ታማኙ ጆን ቤልም በ1853 ዓ.ም. በጦርነት ላይ ለንጉሡ ሲከላከል ወደቀ። ቆይተውም የደጃዝማች ውቤን ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅን አግብተው ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ፤ ነገር ግን ቍጣቸውን የሚያበርድ፥ ፊት ለፊት የሚመክር ሰው ከእንግዲህ አልነበረም።

የአምባው ገደል ስለ አንድ ነገር ምስክር ነው። ምኒልክን ዓፄ ቴዎድሮስ እንደ እስረኛ ብቻ አልያዙትም፤ እንደ ልጅ አሳድገው ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽን ድረውለት ነበር። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ግን ምኒልክ በሌሊት ከአምባው አምልጦ የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ወደ ሰፈሩበት ደረሰ። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ አመዴ በመቅደላ እስረኛ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የሆነውን ባወቁ ጊዜ በቍጣ አመዴንና ሌሎቹን የወሎ እስረኞች አስገደሉ። እናቲቱም ይህን ሰምተው ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፉት። በዚያች አንዲት ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሸዋን አጡ፤ በአምባው ዙሪያ ያለውን የወሎን ሕዝብም የደም ባለጋራ አደረጉት። ምሽጋቸው የቆመው በዚህ ሕዝብ መካከል መሆኑን መርሳት አይገባንም።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራቸው፥ ወደ መንገዱ እንመለስ። ከደባርቂ ጀምሮ በልባቸው የነበረው መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተሠራ። ሠሪዎቹ የእጅ ሥራ የሚያውቁ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና ከእነሱ ጋር የሠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከመድፎቹ ሁሉ የሚበልጠው በክሪሚያ ጦርነት በታወቀችው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ይህን መድፍ እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ።

ሙሉ ጤነኛ ሰው በጥቂት ቀን የሚሄደው መንገድ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። የጅጣንና የበሽሎን ገደል ለመውረድና ለመውጣት ድንጋዩ ተፈነቀለ፥ አፈሩ ተደለደለ፥ ጠመዝማዛ መንገድ ተቀደደ። መድፉ በጠፍር እየተሳበ በብዙ መቶ ሰው ኃይል አንድ አንድ እርምጃ ይሄድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጥላ ሥር ተቀምጠው አላዘዙም፤ ልብሳቸውን አሸርጠው ድንጋይ በእጃቸው ይፈነቅሉ፥ ይሸከሙም ነበር። መኰንኑም ወታደሩም ይህን እያየ ያፍርና ይሠራል። በኋላ የመጡት የእንግሊዝ መኰንኖች ሳይቀሩ ይህን መንገድ አይተው አድንቀዋል። በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል በመቅደላ ሥር ደረሰ።

ይህን ያህል ድካም ስለ ምን ተደከመ? ከበስተ ሰሜን ሌላ ጦር ስለሚመጣ ነው። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነትና የእርዳታ ደብዳቤ በቆንሲሉ በካሜሮን እጅ ልከው ነበር። ደብዳቤው በለንደን መሥሪያ ቤት ሳይመለስ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን እንደ ንቀት ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ከዚያ መልስ ይዞ የመጣውን መልእክተኛ ራሳምንም በ1858 ዓ.ም. አብረው ያዙት። ለአንድ ደብዳቤ በጊዜው መልስ አለመስጠት ምን ሊያመጣ እንደሚችል በጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ወጣቶች ከዚህ ይማሩ ይሆናል።

እንግሊዞች 13 ሺህ ያህል ወታደር፥ 44 ዝሆን፥ ብዙ ሺህ የጭነት ከብት ይዘው በዙላ ወደብ ወረዱ። በወደቡ የመርከብ ማራገፊያና አጭር የባቡር ሐዲድ ሠሩ። ዘመቻው 9 ሚሊዮን ያህል የእንግሊዝ ፓውንድ አስወጣ። አዛዡ ጄኔራል ናፒየር 640 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራማ አገር ሲያቋርጥ የተዋጋው ሰው አልነበረም። የትግሬው ደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ ዓፄ ዮሐንስ የተባሉት፥ መንገድና ስንቅ ሰጡት፤ የላስታው ዋግሹም ጎበዜም አልከለከሉትም፤ የወሎ ሰዎችም በአምባው ዙሪያ መውጫውን ጠበቁ። ገበሬው ገብሱን በብር ሸጠለት። ይህ ሁሉ ሕዝብ ባዕድን ስለ ወደደ አይደለም፤ በንጉሡ ቅጣት ስለ ተማረረ ነው።

የእንግሊዝ ጦር የመጣው በበሽሎ በኩል ነው፤ እኛ ደግሞ በሌላው ወገን መጥተን ከአምባው ሥር ደርሰናል። ከዚህ በኋላ ያለው ዳገት ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ትንፋሽ ሳይወስዱ አይወጡትም።

ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቍጣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገድለው በገደል አስጣሉ። በማግሥቱ የስቅለት ዕለት ነበር። በዚያ ቀን ፊታውራሪ ገብርዬ ወታደራቸውን ይዘው ከፋላ ወደ አሮጌ ሜዳ ወረዱ። ጦርና ጎራዴ፥ ነፍጡም ቢሆን ያረጀ፥ ከኋላ ከሚጐርስ አዲስ ጠመንጃና ከሮኬት ጋር ገጠመ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ ገብርዬም ከሞቱት አንዱ ነበሩ። ከእንግሊዝ ወገን የቈሰለው 20 ያህል ሰው ብቻ ነው። ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው መድፎችም አልረዱም፤ ከትልልቆቹ አንዱ ገና ሲተኰስ ፈነዳ።

ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ፤ በትንሣኤ ዕለትም ለእንግሊዝ ሠራዊት የበዓል ከብት ላኩ። ናፒየር ግን እጅዎን ይስጡ ከማለት አልተመለሰም። በማግሥቱ፥ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፥ ዓፄ ቴዎድሮስ ተከታዮቻቸውን ነፍሳቸውን እንዲያድኑ አሰናበቱ። ከጥቂት ታማኞች ጋር በሩን ሲጠብቁ ቆይተው እንግሊዞች ቅጥሩን ሲጥሱ ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ። ሽጉጡ ቀድሞ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸው ነበር። በአምባው ባለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።

በአምባው ራስ ላይ ዛሬ ቤተ መንግሥት አይታይም። እንግሊዞች ያገኙትን መድፍ ሰባብረው፥ ቤቱን ሁሉ አቃጥለው ሄደዋል። ከመሄዳቸው በፊት ግን ዘረፋውን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ አውርደው በጨረታ ሸጡት። ከብራና መጻሕፍቱ 350 ያህሉ ወደ ለንደን ሄዱ። ከእነዚህ አንዱን፥ ክብረ ነገሥትን፥ ዓፄ ዮሐንስ ነግሠው በደብዳቤ ጠይቀው አስመልሰውታል። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ከእናቱ ጋር ተወሰደ፤ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ በባዕድ አገር አድጎ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሰር ተቀበረ። ዐጽሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም። ከዓፄ ቴዎድሮስ ራስ የተቈረጠው ጠጕር ግን በ2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ሴባስቶፖልን ማንም አላነሣውም፤ ከብዶ እዚያው መቅደላ ቀርቷል። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። መንገደኛ የመድፉን ብረት ሲነካ ሁለት ነገር አብሮ ይነካል። አንደኛው አገሩ የራሱን መሣሪያ በራሱ እጅ እንዲሠራ የፈለገ፥ ድንጋይ ለመሸከም ያላፈረ ንጉሥ ድካም ነው። ሁለተኛው ይህን ሁሉ ኃይል የሚጠብቀው ሕዝብ አለመኖሩ ነው።

ብዙዎች ዓፄ ቴዎድሮስን ወይ ያለ ነውር ያመሰግናሉ፥ ወይም ስለ ጭካኔያቸው ብቻ ይናገራሉ። ሁለቱም ሰውየውን ያሳንሱታል። የአገር አንድነት፥ የደመወዝተኛ ሠራዊት፥ የአማርኛ ጽሕፈት፥ የመንገድ ሥራ አሳባቸው ትክክል ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ የነገሡት ሁሉ በዚሁ አሳብ ላይ ሠርተዋል። የጐደላቸው ትዕግሥት ነው። ካህኑን፥ ባላባቱንና ገበሬውን አስረድቶ ለማስከተል ዓመታት ያስፈልጉ ነበር፤ እሳቸው ግን በዘመቻ ፍጥነት ሊጨርሱት ፈለጉ። ያልገባውን ሰው በቅጣት ለማስገባት በሞከሩ ቍጥር ግዛታቸው እየጠበበ ሄደ፤ ከአገር ወደ አውራጃ፥ ከአውራጃ ወደ ሰፈር፥ በመጨረሻም ወደዚህ አምባ ደረሰ።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩ፥ ነገም ሹመት የሚጠብቃቸው ወጣቶች ይህን መንገድ አንድ ጊዜ በእግራቸው ቢሄዱት መልካም ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተንታ ለመድረስ ከአምባው ቀደም ብሎ መውረድ ያስፈልጋል። በመልሱ ቁልቁለት ላይ ጉልበት ቢደክምም ንጉሠ ነገሥቱ በስድስት ወር የደለደሉት መንገድ ይታሰባል። አገርን የሚጠቅም አሳብ ያለው ሰው ሴባስቶፖልን የጐተቱትን እነዚያን ሰዎች አይርሳ፤ ያን የሚያህል ብረት ከሸለቆ ያወጣው ጠፍሩን በአንድነት የያዘው እጃቸው ነበርና።